ስለ ኔሪና ስጎ የተባለው

ኦታቪዮ ዛኒየር ሰው ስለ ምግብ ቤቱ ምን እንደሚያወራ የሰማው ፎጣ ውስጥ ሆኖ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በጎራን ጸጉር ቤት ወንበር ላይ ተንጋሎ፣ ፊቱ ከግንባሩ እስከ አገጩ በሙቅ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫው ብቻ ብቅ ብሎ እያለ በሩ ተከፈተና ሁለት ሰዎች እየተከራከሩ ገቡ። ማየት ባይችልም በድምፃቸው ለያቸው። አንደኛው ኪት ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት በከተማው ብረት ፋብሪካ ክሬን ሲያንቀሳቅስ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጆሮው ስለደከመ ምሥጢር እንኳ እየጮኸ የሚናገር ሰው። ሁለተኛው የመድኃኒት ቤቱ ስፒሮ ነው፤ ቃላቱን እንደ ክኒን እየቆጠረ የሚያወጣ ቀጭን ሰው። ሁለቱም የቦቼ ክለብ አባላት ናቸው፤ በየሳምንቱ ባሕሩ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ኳስ እያንከባለሉ ይጣሉና አብረው ምሳ ይበላሉ።

«ባለፈው ቅዳሜ ኔሪና ቤት የበላሁት ስጎ ባሕር ነው እልሃለሁ!» አለ ኪት። «ቀኑን ሙሉ ከቧንቧው ሥር አልተነሣሁም። ሚስቴማ ‹ያገባሁት ግመል ነው እንዴ?› አለችኝ።»

«ጨው?» አለ ስፒሮ። «የምን ጨው? እኔ ሐሙስ ዕለት ሄጄ ያንን የድንች ድቡልቡል፣ ኞኪውን፣ አዘዝኩ። ሃያ አራት ዶላር ከፍዬ ጥርሱን የተነቀለ ሰው ምግብ በላሁ። ድንች ነው፣ ቲማቲም ነው፣ በቃ። ከጨው ጋር ተዋውቀው አያውቁም።»

«ምላስህ ሞቷል!»

«የሞተውስ ያንተ ጆሮ ነው። ምላሴን ተወው።»

ጎራን ጉሮሮውን ጠረገ። አንዴ ጠረገ፣ ሁለቴ ጠረገ፤ ኪት አልሰማም። «ስለ አየሩ ብናወራስ?» አለ ጎራን በመጨረሻ። «ምን አየር አለ!» አለ ኪት፤ «ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ሠላሳ የክለብ ሰው ይዘን እዚያው ልንሄድ ነው እኮ! እኔ የውኃ ጠርሙሴን ይዤ ነው የምመጣው።» ስፒሮም ቀበል አድርጎ፣ «እኔም ጨዌን በኪሴ» አለ። ኦታቪዮ ፎጣው ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ጨነቀው። ብድግ ቢል ሰዎቹ ያፍራሉ፤ ዝም ብሎ ቢተኛ ደግሞ የሚስቱን ስም እየሰማ እንደ ሬሳ መዘርጋት ነው። ፎጣው እየቀዘቀዘ ሄደ። ጎራንም የገባው መሰለኝ፣ ሌላ ትኩስ ፎጣ አምጥቶ በላዩ ደረበበትና «ወረፋ አለ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱ» ብሎ ሁለቱን አሰናበታቸው። «የምን ወረፋ?» ይል ነበር ኪት እየወጣ፤ «ያለህ አንድ የተገነዘ ሰውዬ ብቻ ነው!»

ፎጣው ሲነሣ የኦታቪዮ ዓይን ቀልቷል። «ሳሙና ገባብህ?» አለው ጎራን። «ገባብኝ» አለ ኦታቪዮ። ጎራን ከመደርደሪያው ሽቶ ፈለገ፤ ሁልጊዜ የሚቀባው የሎሚው አልቋል። አዲስ ጠርሙስ ከፈተ፤ የቀረፋና የካራሜላ ድብልቅ የመሰለ፣ በሩ ላይ የተኛውን ውሻ የሚያስነጥስ ነገር ነው፤ ሁለቱንም ጉንጩን መታ መታ አደረገለት። ኦታቪዮ በመስተዋቱ ውስጥ እያየው፣ «አንተስ ጎራን? አንተ ምን ትላለህ?» ሲል ጠየቀው። «እኔ ምግብ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ጸጉር ነው» አለ ጎራን። «ሃያ ዓመት በየማክሰኞው እኛ ጋ እየበላህ?» ጎራን መጥረጊያውን አነሣና አንድ ጸጉር ያልወደቀበትን ወለል መጥረግ ጀመረ።

ኦታቪዮ መንገድ ላይ ወጣ። ኅዳር ነው፤ ዛፎቹ ሐምራዊ አበባቸውን አራግፈው አስፋልቱን አልብሰውታል፤ በፋብሪካው በኩል ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ምግብ ቤቱ በልብስ ንጽሕና ቤቱና በተዘጋው ባንክ መሀል የተሰነቀረ፣ ዘጠኝ ጠረጴዛ ብቻ ያለው ቤት ነው። ኔሪና ታበስላለች፣ ኦታቪዮ ያስተናግዳል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲሁ ኖረዋል። እኛ የመንገዱ ሰዎች እዚያ ቤት ያልተከራከርንበት ነገር የለም። አንዱ ወንበሩ ይቆረቁራል ይላል፣ ሌላው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የተራራ ሥዕል የምግብ ፍላጎት ይዘጋል ይላል፣ አንዲት አስተማሪ ኦታቪዮ ሳህን ሲያስቀምጥ እንደሚያቃስት ታማርራለች። ስለ ስጎው ግን አፍ የከፈተ ሰው አልነበረም። ኔሪና ጨው በማንኪያ አትለካም፤ በእጇ በተን አድርጋ፣ ቀምሳ፣ ራሷን ነቅንቃ ትጨርሳለች። ለክቶ የሚያበስል ሰው ይሂድና መድኃኒት ይቀምም፣ ትላለች። ኦታቪዮ ራሱ ደግሞ ስጎውን ከቀመሰ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ሐኪሙ ጨው ከከለከለው ወዲህ በትንሽ ድስት የተቀቀለ ዙኪኒና ዶሮ ለብቻው ይሠራለታል። እንግዲህ ሁለት ሰው ስለ አንድ ድስት ባሕርም በረሃም ብሎ ሲመሰክር፣ ማን ውሸታም እንደሆነ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም።

ስለዚህ ወደ ፒያ ሄደ። ፒያ የኔሪና ታናሽ እህት ናት፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ልብስ ታሳጥራለች፣ ታሰፋለች፣ የሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች። እስከ የዛሬ ስድስት ዓመት ድረስ በምግብ ቤቱ ጓዳ ከእህቷ ጎን ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ኞኪው ውስጥ ገውዝ ይግባ አይግባ ሲባባሉ ፒያ ሽርጧን ፈትታ ምስማሩ ላይ ሰቀለችና ወጣች፤ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ አልተኳረፉም፤ እንዲያውም የባሰ ነው፣ ይከባበራሉ። በገና፣ በፋሲካና በልደት እየተያዩ፣ ስለ አየርና ስለ እግር ሕመም አውርተው፣ ኬካቸውን ጨርሰው ይለያያሉ። ኦታቪዮ ሲገባ ፒያ ጉልበቷ ላይ ነጭ ቀሚስ ዘርግታ፣ ከንፈሯ መሀል አራት መርፌ ይዛ ነበር። ጸጉር ቤት የሰማውን ነገራት። መርፌዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ የመርፌ ትራሱ ላይ ሰካች።

«እኔ ስለ እሷ ምግብ ምንም አልናገርም» አለች። «ተናግሬ ያገኘሁትን አግኝቻለሁ። ደግሞ እሷም ብትሆን በእኔ ላይ መቀለድ ይዛለች።»

«ኔሪና? መቼ ቀለደችብሽ?»

«በመስከረም፣ በልደቷ! ከሙሽራ ቀሚስ በተረፈኝ ሐር የሠራሁትን የጋርዴኒያ አበባ ወስጄ ሰጠኋት። ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ። አፍንጫዋን እላዩ ላይ ተክላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ‹ውይ ፒያ፣ ሽታው እንዴት ደስ ይላል!› አላለችኝም? የጨርቅ አበባ! በሰው ሁሉ ፊት! ሁለት ወር ሙሉ እንደ እሳት ነው የሚያቃጥለኝ።»

የስፌት መኪናው ላይ ያለው መብራት በነጩ ጨርቅ ላይ ያበራል፤ ሁለቱም ጨርቁን ያያሉ። ኦታቪዮ ትዝ ያለው የቅዳሜ ጠዋት ነገር ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ከጸጉር ቤት ሲመለስ፣ ጓዳው በር ላይ ገና እግሩ ሳይረግጥ ኔሪና ፊቷን ሳታዞር፣ «ደግሞ ማን ነው በሎሚ ያጠበህ? ሰላጣ ሊያደርግህ ነው?» ትለው ነበር። ያንን ቀልድ ይጠላው ነበር። መቼ እንደቀረ ግን ልብ አላለም። በሐምሌ ነው፤ ያ ክፉ ጉንፋን ከያዛት በኋላ።

«እሷ አልቀለደችም» አለች ፒያ በቀስታ።

«አልቀለደችም» አለ ኦታቪዮ።

«ታዲያ ለእኔ ለእህቷ አትነግረኝም?»

«ለእኔስ መቼ ነገረችኝ?» አለና ባርኔጣውን አነሣ። አብራው እንድትመጣ ለመናት። ፒያ መርፌዋን ከትራሱ ነቀለችና፣ «አልጠራችኝም» አለች።

ኔሪና ትልቁን ድስት እያማሰለች ነበር። ጓዳው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ቆሞ ሦስተኛው ጎን ለጎን ነው የሚያልፈው። ጠረጴዛው ላይ በዱቄት የተነሰነሱ ኞኪዎች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ለሠላሳ ሰው የሚበቃ፣ እያንዳንዱ በሹካ ጀርባ የተሸነተረ። ኦታቪዮ ያንን የቀረፋና የካራሜላ ጠረን ተሸክሞ ገብቶ ከጀርባዋ ቆመ። ጠበቀ። ኔሪና ታማስላለች። በመጨረሻ ማንኪያ ለማንሣት ዞር ስትል አየችውና ዘለለች። «ውይ! እንደ ሌባ ነው እንዴ የምትገባው?» እሱ ከመንጠቆው ላይ ጭልፋ አውርዶ ከድስቱ ቀዳና አፉ ውስጥ ከተተው። በሦስት ዓመቱ የመጀመሪያው ስጎ ነው። ኪት አልዋሸም።

«ምን እያደረግህ ነው!» ጭልፋውን ነጠቀችው። «ደም ግፊትህን እያወቅህ! በእጄ ልትሞትብኝ ነው? ሠላሳ ሰው ልናበላ ነው ወይስ ልቅሶ ልንቀመጥ?»

«ስጎው እንዴት ሆነልሽ?»

«እንደ ሁልጊዜው! ምን ይሆናል?» አንድ ማንኪያ ቀመሰች፣ ራሷን ነቀነቀች። «ልክ ነው።»

«ኔሪና» አለ፤ «ዛሬ ጎራን የቀባኝ ሽቶ ምን ምን ይላል?»

እሳቱን ቀነሰች። «ያው ሎሚ ነዋ። ሌላ ምን ትቀባለህ?»

ዞር ብላ የኦታቪዮን ፊት አየችና ገባት። ድንች ጆንያው ላይ ቁጭ አለች፤ ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እንዲያ ቁጭ ስትል ግን የሰው ዕቃ ሰብራ የተያዘች ሕፃን መሰለች። ከሐምሌ ጀምሮ ነው፣ አለች። ጉንፋኑ ለቀቃት፣ ምላስና አፍንጫዋ ግን አልተመለሱም። ቡና ሙቅ ውኃ ነው፤ ዳቦ ስፖንጅ ነው። መጀመሪያ ዛሬ ነገ ይመለሳል እያለች በልማድ ታበስል ጀመር። ከዚያ ጨው መጨመሯን መርሳት መጣ፤ ድሮ ምላሷ ነበር የሚያስታውሳት። አንዳንዴ ሁለቴ ትጨምራለች፣ አንዳንዴ ጨምሬያለሁ ብላ ትተወዋለች። ሳህን ሲመለስ ምን ያህል እንደተረፈ እያየች ነው የምትገምተው። ኦታቪዮ ኪትና ስፒሮ የተባባሉትን ሳይቀንስ ነገራት። ፊቷ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህማ ለሚሬላ ትደውላለህ። ልጅህ ደግሞ ከብሪዝበን ሆና ‹ሽጡት ብያችሁ አልነበር?› ትላለች። ቤቱ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ አንተ ምን ትሆናለህ? ትሪ ይዘህ ሳሎን ውስጥ ትዞራለህ?» ሽርጧን ጠቅልላ ፈታችው። «ደግሞ… አንተም ጠፋህብኝ። ከኋላዬ ስትቆም አላውቅም። ድሮ እኮ ሳሙናህ፣ የተተኮሰ ሸሚዝህ፣ ገና በሩን ሳትከፍት ይመጡ ነበር። አሁን ካልተናገርክ የለህም። አንተ ደግሞ አትናገርም።»

የግድግዳው ሰዓት አምስት ከሃያ ይላል። ድስቱ እንደ ሙት ባሕር ነው፣ ሠላሳው ሰው ሰባት ሰዓት ላይ ይመጣል። የጓሮው በር የተከፈተው ያኔ ነው። ፒያ አንገቷ ላይ ሜትሯን እንዳንጠለጠለች፣ ቀሚሷ ላይ የነጭ ክር ቁርጥራጭ እንዳለ ቆማለች።

«ያ አበባ የጨርቅ ነበር» አለች።

«የቱ አበባ?»

«የልደትሽ።»

ኔሪና ትንሽ አሰበች። «ውኃ ሳጠጣው ነው የከረምኩት እኮ!» አለች። «እንዴት ጠንካራ አበባ ነው፣ ሁለት ወር አልጠወለገም፣ ፒያ ገንዘቧን አውጥታ ነው የገዛችልኝ እያልኩ!» መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ናት። ፒያ ላለመሳቅ ጥርሷን ነከሰች፣ አልሆነላትም፤ ኦታቪዮ ሁለቱ አሮጊት እህትማማቾች ምድጃውን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሲስቁ አይቶ፣ እሱ የሚይዘውን አጥቶ ሰላጣ መቁረጥ ጀመረ። ፒያ ዓይኗን ጠርጋ ድስቱን ቀመሰችና ወደ መታጠቢያው ሮጣ ተፋችው። «ይሄንን ለሰው? ለጠላትም አይሰጥ!» ከስድስት ዓመት በፊት ምስማሩ ላይ የሰቀለችው ሽርጥ የለም፤ የኦታቪዮን አሮጌ ሸሚዝ ወገቧ ላይ አሰረች። ግማሹን ስጎ ገልብጠው በቀረው ላይ ቲማቲም ጨመሩ፣ ሽንኩርት በአዲስ አቁላሉ። ኔሪና በእጇ ታውቃለች፣ በዓይኗ ታውቃለች፤ መቼ እንደሚወፍር፣ መቼ እንደሚገላበጥ፣ ዘይቱ መቼ ወደ ላይ እንደሚንሳፈፍ። ፒያ ትቀምሳለች።

«ትንሽ ጨው።»

«ጨምሬያለሁ።»

«አልበቃውም።»

«በቅቶታል!»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ኔሪና ጭልፋውን ያዘች፣ ለቀቀች፣ ጨው ጨመረች። ከስድስት ዓመት በፊት የነበረው ነገር ሁሉ እዚያው ምድጃ ላይ ተመልሶ የሚፈላ መስሎት ኦታቪዮ የሰላጣውን ቢላዋ አስቀመጠ፤ ግን አልፈላም።

ሰባት ሰዓት ላይ ክለቡ ገባ። ጠረጴዛዎቹ ተገጣጥመው አንድ ረዥም ገበታ ሆነዋል። ኪት እውነትም የአንድ ሊትር ጠርሙስ ይዞ መጥቶ ወንበሩ ሥር አስቀመጠ፤ ስፒሮ የኮቱን ኪስ በእጁ ሸፍኖ ተቀመጠ። ጎራን ጥግ ይዞ ኦታቪዮን ላለማየት ጣሪያውን ያያል። ኞኪው ወጣ። ለጊዜው የሹካ ድምፅ ብቻ ሆነ። ከዚያ ስፒሮ እጁን ከኪሱ ላይ አነሣ። «ልክ ነው» አለ። «ሚዛኑ ልክ ነው።» ኪት አኘከ፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ፣ ለጎረቤቱ በጆሮው ሹክ ያለ መስሎት ቤቱን በሙሉ በሚያናውጥ ድምፅ፣ «አሁን ደግሞ ትንሽ ጨው አነሰው!» አለ። ያኔ ገበታው በክርክር ታመሰ። አንዱ አላነሰውም፣ ሌላው እንዲያውም በዛበት፣ ሦስተኛው ችግሩ ጨው ሳይሆን ነጭ ሽንኩርት ነው። አንዱ ሹካውን እንደ ጦር እያወዛወዘ፣ ሌላዋ ሳህኗን በዳቦ ቁራሽ እየጠረገች፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራል።

ኔሪና ከጓዳ ወጣች። በአገልግሎት ሰዓት ወጥታ አታውቅም፤ ስለዚህ ሹካቸውን አውርደው ወደ እሷ ዞሩ። ሽርጧ ላይ እጇን ጠረገች።

«ኪት፣ ባለፈው ቅዳሜ የበላኸው ባሕር ነበር፤ እውነትህን ነው» አለች። «ስፒሮ፣ የሐሙሱ ደግሞ የሆስፒታል ምግብ ነበር፤ አንተም አልዋሸህም። ከሐምሌ ጀምሮ አፍንጫዬም ምላሴም አይሠሩም። እንደ ዕውር በዳበሳ ነው የማበስለው። የዛሬውን የቀመሰችው እህቴ ናት። ከእንግዲህ እጁ የእኔ ነው፣ ምላሱ የእሷ። መስማማታችንን አላውቅም። ሌላ ቤት መሄድ የሚፈልግ አልቀየመውም።»

ኪት እስከ ጆሮው ቀላ፤ ጸጉር ቤት ውስጥ የተገነዘው ሰውዬ ማን እንደነበር አሁን ነው የገባው። ወደ ኦታቪዮ አየ፣ ኦታቪዮ የዳቦ ቅርጫቱን አስተካከለ። «እኔ» አለ ኪት፣ ይህን ጊዜ በእውነትም ሊያንሾካሹክ ሞክሮ አልቻለበትም፤ «እኔ እኮ ያንን ሁሉ ውኃ ጠጥቼም ተመልሼ መጥቻለሁ!» አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ስፒሮ ተነሥቶ ወደ ኔሪና ጠጋ አለና፣ ሰኞ መድኃኒት ቤቱ ብቅ እንድትል፣ አፍንጫን ለማለማመድ በየቀኑ የሚሸተት ነገር እንዳለ፣ ለአንዳንዱ ሰው በዓመት እንደሚመለስለት፣ ለአንዳንዱ ግን እንደማይመለስ፣ እንደ ልማዱ ቃሉን እየቆጠረ ነገራት። «የማይመለስም አለ ማለት ነው» አለች። «አለ» አለ። አልዋሸም፤ ለዚያም አመሰገነችው። ኪት ሁለተኛ ሳህን አዘዘ፣ ጨው እንዲጨመርለት ጠየቀ፣ ፒያ ከጓዳ ሆና «አይጨመርም!» አለችው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ባዶ ሆነ። ፒያ መታጠቢያው ላይ ድስት ትፈገፍጋለች። ኦታቪዮ የቀረችውን ኞኪ ሳህን ላይ አድርጎ፣ ስጎ አፍስሶ፣ ኔሪናን ትከሻዋን ይዞ እንግዳ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጣትና ፊት ለፊቷ አኖረው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አንዱን በሹካ አንሥታ ረጅም ጊዜ አኘከች።

«ለስላሳ ነው» አለች። «ትኩስ ነው። ሌላውን አንተ ንገረኝ።»

ኦታቪዮ የሚናገር ሰው አልነበረም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ከሳህኗ አንዲት ኞኪ ወሰደ፣ አኘከ፣ ግንባሩን ቋጠረ። «መጀመሪያ» አለ እየፈራ፣ «መጀመሪያ ቲማቲሙ ነው የሚመጣው። የሚያኮመጥጥ ሳይሆን… ፀሐይ የመታው ዓይነት። ከዚያ ከታች፣ ቆየት ብሎ፣ ጣፋጭ ነገር አለ።»

«ቲማቲሙ አይደለም መጀመሪያ የሚመጣው!» አለች ፒያ ከጓዳ፣ እጇ አረፋ እንደሆነ ብቅ ብላ። «ሽንኩርቱ ነው! ጣፋጩም እሱው ነው።»

«ሽንኩርቱ ኋላ ነው እኮ የሚመጣው።»

«ምላስህ ሦስት ዓመት ዙኪኒ ሲበላ ኖሮ ምን ያውቃል? ሽንኩርቱ መጀመሪያ፣ ቲማቲሙ መሀል፣ ከዚያ ዘይቱ!»

«በሶብላውስ? የት ጣልሽው?»

«በሶብላውማ ከላይ ነው፣ እንደ ንፋስ!»

«እንደ ንፋስ አይደለም…»

ኔሪና ዓይኗን ጨፍና አንዱን ኞኪ አኘከች፣ ሌላውን አነሣች፣ ሁለቱ እየተጨቃጨቁ ሳህኑን ጨረሰች።